የዳህላክ ምልጃ

ቅዳሜ ጠዋት ቀለሟ ፊቷን ታጥባ፣ ፎጣውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ከጓዳ ብቅ ስትል ሳሎኑ ለቅሶ ቤት ሆኖ ጠበቃት። የጎረቤት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረዋል፤ ወንበር ያልደረሳቸው ሰሌኑ ላይ ተቀምጠዋል፤ አንዷም ትንፍሽ አትልም። መሀል ላይ፣ ራዲዮኑ ካለበት ጠረጴዛ አጠገብ፣ እናቷ ወይዘሮ ሸዋጌጥ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ መሬት መሬቱን ታያለች። ቀለሟ ክው አለች። በልቧ ሰው መፈለግ ጀመረች፤ አባዬ ጎህ ሲቀድ በመሥሪያ ቤቱ ላንድሮቨር ወደ ጉቴ ሲሄድ በመስኮት አይታዋለች፣ እንዲያውም ሲያስነጥሰው ሰምታለች፤ እማዬ ይቺውና አለች፤ እሷ ራሷም አለች፤ ታዲያ ማነው የሞተው? ማንም አልሞተም። ሴቶቹ ግን ቀለሟን ሲያዩ ከንፈራቸውን መጠጡ፣ አንዷም «ውይ፣ በዚህች ዕድሜዋ» ብላ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

ሐሙስ ማታ እኮ ቤቱ ሌላ ቤት ነበር። አባዬ፣ አቶ ተረፋ ማለት ነው፣ የመዝገብ ቤቱ ሹም፣ እራት ላይ ጉሮሮውን ጠረግ ጠረግ አድርጎ «ፊታውራሪ ፈርመውልኛል፤ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ ከሌላው ወረቀት ጋር ጭረት አድርገው ሰጡኝ» አለ። የመሥሪያ ቤቱ የበላይ የፈረሙለት የአንድ ወር ፈቃድ ነው። አባዬ መሥሪያ ቤት ከገባ ጀምሮ ፈቃድ ወስዶ አያውቅም፤ ወስዶስ የት ሊሄድ። አሁን ግን የሚሄድበት አለው። የእማዬ ወንድም ጋሼ በላይ ምጽዋ ባሕር ኃይል ነው፤ በመስከረም መጥቶ እዚሁ ሳሎን ውስጥ እግሩን ዘርግቶ ስለ ዳህላክ ደሴት ሲያወራ፣ ቀለሟ የያዘችው ሻይ እጇ ላይ እስኪቀዘቅዝ አፏን ከፍታ ነው የሰማችው። ውሃው ሰማያዊ ብቻ አይደለም፣ አረንጓዴም አለበት፤ እግርሽን ስትከቺበት ጣቶችሽ ይቆጠራሉ፤ አሸዋው እንደ ዱቄት ነው፤ በጥር፣ ሙቀቱ ለዘብ ሲል፣ የባሕር ኃይል ቤተሰብ በጀልባ ይሄድና ቀኑን ሙሉ አሸዋው ላይ ይተኛል። ዝም ብሎ ይተኛል። ማንም ውሃ ቅዱ አይልም፣ ማንም እንግዳ መጣ አይልም፣ ሲርብ ዓሣ ነው፣ ሲሞቅ ባሕር ነው። «ትምህርት ቤት ሲዘጋ ኑ» ብሎ ነው የሄደው። ቀለሟ በሕይወቷ ከአኖ አልፋ አታውቅም፤ አኖም የሄደችው ለለቅሶ ነው፣ በጭነት መኪና፣ እህል ላይ ተቀምጣ። እና ሐሙስ ማታ አባዬ በጣቱ ጠረጴዛው ላይ መንገድ እያሰመረ፣ እስከ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ስምንት ብር በሰው፣ ከዚያ አስመራ፣ ከአስመራ በባቡር ቁልቁል ወደ ምጽዋ፣ ከምጽዋ ወዲያ ያለው የበላይ ነው ሲል፣ እንቅልፍ የሚባል ነገር ከቤቱ ወጥቶ ሄደ።

እማዬ ብቻ ነበረች የተጨነቀችው። መሄዱን ጠልታ አይደለም፤ እንዲያውም ሳሕን ስታጥብ ስታንጎራጉር ተሰምታለች። የከበዳት ምን ተብሎ እንደሚኬድ ነው። በነቀምት ሰው አውቶቡስ ላይ የሚወጣው ወይ ሰው ሞቶበት፣ ወይ ተከስሶ፣ ወይ ሐኪም ፍለጋ፣ ወይ ጠበል ነው። ለመተኛት አዲስ አበባን አልፎ፣ አስመራን አልፎ፣ ባሕር ተሻግሮ የሄደ ሰው የለም። «ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ። የጠየቀሽ ካለ በላይ ታሟል፣ ልንጠይቀው ነው በዪ» አለቻት። ቀለሟ «ደህናውን ሰው ለምን አመመው እንላለን?» ስትል አባዬ ሳቅ ብሎ «እናትሽ ታውቃለች» ብሎ ዝም አሰኛት።

ግን ዓርብ በእረፍት ሰዓት ቀለሟ ያንን ሁሉ ባሕር ሆዷ ውስጥ ይዛ መቀመጥ አቃታት። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ ባሕር ዛፉ ሥር፣ ለጎረቤቷና ለወንበር ጓደኛዋ ለድርቤ ነገረቻት። አነጋገሯ ነው ጉዱ። ደስታው አንቋት ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ በሹክሹክታ፣ «ዳህላክ የሚባል ደሴት ልንሄድ ነው፤ ባሕር መሀል ነው፤ ፊታውራሪ ራሳቸው ፈርመዋል፤ ለማንም እንዳትናገሪ፣ እናቴ ከሰማች ትገድለኛለች» አለቻት። አሸዋውን፣ መዋኘቱን፣ ዓሣውን ልትቀጥል ስትል ደወል ተደወለ። ድርቤ ፊቷ አመድ መስሎ ወደ ክፍል ገባች። ቀለሟም ቅናት ነው ብላ ተወችው።

እና አሁን ሳሎኑ ይሄን መስሏል። አጠገባቸው ያስቀመጧት ጎጃሜዋ እትዬ ዓባይነሽ ናቸው፤ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው «አባትሽ ሊመነኩስ ነው አይደል?» አሏት። ቀለሟ «ማ?» ብላ ቀረች። «ደሴት ማለት ገዳም ነው የኔ ልጅ። የአጎቴ ልጅ ጣና ላይ እንደዚሁ ሳይናገር ነው ውልቅ ያለው። የሚሲዮን ሰው ነው ብዬ ስታዘበው ነበር፣ ለካ ልቡ ወዲህ ኖሯል።» ከወዲያ ማዶ ያለችው የጆቴ ሚስት ሰምታ «ምን ገዳም ነው የሚሉት እትዬ፣ ግዞት ነው። ፈርመውበታል» አለች፤ አማርኛው አልበቃት ብሎ ወደ እማዬ ዞራ «ዋቃዮ ሲ ሃ ጀጀቤሱ» ጨመረችበት፣ እግዜር ያጽናሽ እንደማለት። እትዬ ዓባይነሽ ግን አልተበገሩም፣ «ቢጋዝም እዚያው ይመነኩሳላ» አሉ።

ግዞት። ቀለሟ ሳቋ ሊያመልጣት አፏን ያዘች፤ ሴቶቹ ለቅሶ መስሏቸው «በቃ በቃ» አሉ። ሁሉንም ነገር ልታፈርጠው ስትነሳ እማዬ ዓይኗን አነሳች። እናት ልጇን በእንግዳ ፊት ያለ ቃል የምትቆጣበት አንድ አስተያየት አለ፤ በእሱ አየቻትና «ስኳር አምጪ» አለች። ቀለሟ ወደ ጓዳ ገባች፣ እማዬም ተከትላት ገብታ በሩን ገርበብ አደረገች። ጓዳው ውስጥ ሴቶቹ ለአባዬ ስንቅ ብለው ያመጡት ነገር ተደርድሯል፤ ጭኮ በቅቤ ተለውሶ በሦስት ሳሕን፣ ቆሎ በሰፌድ፣ አንድ ጠርሙስ ማር። በዚህ ሰሞን ቅቤ እሳት ሆኗል፤ ሰው ግን አልሰሰተም።

«እማዬ፣ ለምን አትነግሪያቸውም?»

«ምን ብዬ?»

«ለመዝናናት ነው በያቸዋ።»

እማዬ ስኳሩን ከቆርቆሮው ወደ ሳሕን እየገለበጠች ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የጆቴ ሚስት ልጇን የቀበረችው በኅዳር ነው። እዚያ ተቀምጣ ለእኔ ታለቅሳለች። እኔ ውሃ ውስጥ ልንቦጫረቅ ነው ልበላት?»

«ታዲያ ግዞት ይሻላል?»

እማዬ የሳሕኑን ጠርዝ በእጇ ጠረገች። «ግዞት የሚያሳፍር ነገር አይደለም» አለች። «ስንት ትልቅ ሰው ተግዟል።»

«ስንመለስስ?»

«ስንመለስ ያኔ እናስባለን። ወይ ጉድ፣ ስኳሩን ጨረስኩት እኮ» አለችና ከሳሕኑ ግማሹን መልሳ ወደ ሳሎን ወጣች። ቀለሟ ጓዳ ውስጥ ብቻዋን ቀረች፤ አንዲት ክፉ ሐሳብ መጥታ አጠገቧ የተቀመጠችው ያን ጊዜ ነው። እውነት ቢሆንስ? አባዬ ፈቃድ ወስዶ የማያውቅ ሰው ነው፣ ለምን አሁን? ፊታውራሪ ለምን ቀና ብለው አላዩትም? ሰው የጣለውን ሰው ነው ቀና ብሎ የማያየው። እማዬስ ለምንድነው እንደዚህ እርግት ብላ ለቅሶ የተቀመጠችው፣ የምትዋሽ ሰው እንደዚህ አያምርባትም። ወላጅ ደግሞ ልጅ እንዳይፈራ ብሎ መርፌውን ከረሜላ ነው ይላል። ባሕሩ በአንዴ ሆዷ ውስጥ ጨለመ። ከዚያ ደግሞ ጋሼ በላይን አስታወሰች፣ ሳቁን፣ እግሩን ዘርግቶ ሲያወራ፣ አይ እሱ አይዋሽም አለች፤ ከዚያ ደግሞ እሱም ቢሆን የመንግሥት ሰው ነው አለች። እንዲህ ስትል ድርቤ በጓሮው አጥር ሾልካ ገባች። ዓይኗ ቀልቷል፣ ፊቷ ላይ ግን የሆነ ኩራት አለ።

«አታልቅሺ» አለቻት። «አባቴ ሽማግሌዎቹን ሰብስቦ ሄዷል።»

«ወዴት?»

«ፊታውራሪ ቤት ነዋ። ለምልጃ እርጥብ ሳር ይዘው። ያስምሩታል።»

ቀለሟ የሰማችው ነገር ሲገባት ነጠላ ጫማዋን በግራ በቀኝ አዟዙራ አድርጋ በጓሮው በር ተፈተለከች። ምኑም ይሁን ምኑ፣ ግዞትም ይሁን እረፍት፣ ባሕሩ እዚያ ነው ያለው። ሽማግሌዎቹ አፋቸውን ሳይከፍቱ መድረስ አለባት።

የቅዳሜ ገበያ ሞልቶ መንገዱን ዘግቶታል። በቡና ጆንያና በበርበሬ መሀል እየተሽሎከለከች ስትሮጥ የሚያውቋት ሁሉ ያስቆሟታል። ጨው የምትሸጠው ሴትዮ እጇን ይዛ «አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ» አለቻት፣ እንዴት አደርሽ ልጄ፣ ከዚያም መልስ ሳትጠብቅ «ጃባዱ» አለቻት፣ በርቺ። አንዱ ልብስ ሰፊ ከመኪናው ቀና ብሎ ለጎረቤቱ «የተረፋ ልጅ ናት፣ ያ ወደ ባሕር የሚጣለው» ሲል ሰማችው። ስለ ባሕሩ ከትናንት እረፍት ሰዓት እስከ ዛሬ ረፋድ ያልሰማ ሰው የለም ማለት ነው። «አይጣልም» አለችው ሳትቆም፤ እሱም «እግዜር ይስማሽ» አላት።

የፊታውራሪ ግቢ በር ክፍት ነበር። ሽማግሌዎቹ ከበረንዳው ፊት ለፊት ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ጋቢያቸውን አደግድገው፣ እያንዳንዳቸው ከወንዝ ዳር የታጨደ ሳር በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል። ፊታውራሪ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ፀጉር አስተካካዩ ይላጫቸዋል፤ ግማሽ ፊታቸው ንጹሕ ነው፣ ግማሹ በሳሙና አረፋ ነጭ ነው። የሚናገሩት የድርቤ አባት ኦቦ ባቻ ናቸው። ቀለሟ እኚህን ሰውዬ ከተወለደች ጀምሮ ታውቃቸዋለች፤ ዶሮ ወደ አትክልታቸው ስትገባ ካልሆነ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ሰምታ አታውቅም።

«ጌታዬ፣ ያንን ደሴት አውቀዋለሁ» አሉ ኦቦ ባቻ። «ታላቅ ወንድሜን ጉሉማን ጣልያን የወሰደው እዚያ ነው። አብሮት ከሄደ ሰው አንዱ ተመልሶ ነግሮናል። ውሃ መሀል ተቀምጦ ሰው በውሃ ጥም ይሞታል አለን። እናቴ ከዚያ ቀን ወዲያ ውሃ ስትጠጣ እያለቀሰች ነበር። ተረፋ ያጠፋው ካለ እኛ እንክሳለን። የበደለው ካለ ጎንበስ ብለን እናስታርቃለን። እዚያ ግን አይሂድብን።»

ፊታውራሪ «ተረፋ» አሉ። «የመዝገብ ቤቱ?»

«አዎን ጌታዬ።»

«ዳህላክ?» አሉ ደግሞ፣ ዓይናቸው ወደ ፀጉር አስተካካዩ ሄደ፣ እሱ ያውቅ እንደሆነ። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን በፎጣው ጠረገ። ቀለሟ ሁሉንም ከበሩ ላይ ሆና አየች፤ ሰውዬው ስለምን እንደሚወራ አያውቁም። እንደማያውቁ ደግሞ በዚያ ሁሉ ሽማግሌ ፊት አይናገሩም። «ጉዳዩን... አዎ፣ ጉዳዩን አውቀዋለሁ። ከባድ ጉዳይ ነው» አሉ።

ቀለሟ ከዚያ በላይ አልቻለችም። በሽማግሌዎቹ መሀል ተሽሎክልካ በረንዳው ሥር ደረሰችና ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ «ጌቶች፣ አባቴ ምንም አላጠፋም» አለች።

«ይቺ ማን ናት?»

«ልጁ ናት ጌታዬ» አሉ ከኋላ።

«ለእረፍት ነው የምንሄደው» አለች ቀለሟ። «አጎቴ ባሕር ኃይል ነው። በጀልባ ወስዶን አሸዋው ላይ ልንተኛ ነው፣ ከዚያ እንዋኛለን፣ ከዚያ ዓሣ እንበላለን።»

አንድ ሽማግሌ አንገታቸውን ደፉ። ኦቦ ባቻ የጋቢያቸውን ጫፍ ዓይናቸው ላይ ጫን አድርገው «ለልጅቷ እንዲህ ብለው ነው የነገሯት» አሉ። «ምን ይበሏት ታዲያ» አሉ ሌላው ቀስ ብለው።

ፊታውራሪ ወደ ቀለሟ ጎንበስ አሉ። «አሸዋ ላይ?»

«አዎ ጌቶች።»

«ስንት ሰዓት?»

«ቀኑን ሙሉ።»

«ፀሐዩ ላይ? ምንም ሳትሠሩ?»

«ምንም» አለች ቀለሟ። ያ ምንም የሚለው ቃል ከአፏ ሲወጣ እንዴት እንደሚያምርና እንዴት እንደሚርቅባት አንድ ላይ መጣባትና፣ እዚያው በፊታውራሪ እግር ሥር ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

እንባው ነው የጨረሰው። ፊታውራሪ ግማሽ ፊታቸው በአረፋ እንደተሸፈነ ተነሡ፤ አረፋው ካፖርታቸው ላይ ተንጠባጠበ። «በቃ» አሉ። «እኔ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጬ ከመሥሪያ ቤቴ ሰው ተወስዶ ከነልጁ አሸዋ ላይ አይጣልም። ትእዛዙ ከላይም ቢመጣ እኔ እመልሰዋለሁ። ይቅር ብዬዋለሁ። ከነቀምት ንቅንቅ እንዳይል። ሁለተኛም እንዳይለምደው ንገሩት።» ሽማግሌዎቹ ሳሩን በረንዳው ደረጃ ላይ አኖሩ፣ መሬት እስኪነኩ እጅ ነሡ። ቀለሟ «ኧረ አይደለም፣ ኧረ ይስሙኝ» ስትል አንድ ሁለት ሰው ደግፎ አነሣት፤ ምስጋና መስሏቸዋል። ፀጉር አስተካካዩ የቀረውን ግማሽ መላጨት ቀጠለ።

ሲመለሱ ኦቦ ባቻ እጇን ይዘዋት ነበር። ፊታቸው የበዓል ፊት ነው። ቀለሟ አንዴ ብቻ ሞከረች። «ኦቦ ባቻ፣ እውነት ግን እረፍት ቢሆንስ?» አለቻቸው። እሳቸውም ቆም ብለው «አባትሽ ጥሩ ሰው ነው፣ ኢንተላ ኮ» አሏት፤ «እንዳትፈሪ ነው የደበቀሽ።» ከዚያ በኋላ ለገበያተኛው ሁሉ በኦሮምኛ ምሥራቹን እየነገሩ ሄዱ፤ ቀለሟም ሰው «እንኳን ደስ ያለሽ» ባላት ቁጥር አንገቷን እየነቀነቀች፣ ባሕሩ እውነት ይሁን ውሸት ሳይለይላት፣ ቤት ደረሰች።

ማምሻውን ላንድሮቨሩ በር ላይ ሲቆም ቤቱ ዳር እስከ ዳር ሰው ነው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አቅንተዋል፤ ለስንቅ የመጣው ጭኮ ተቆርሶ ለመጣው ሁሉ ታድሏል። አባዬ በአቧራ ቀይ ሆኖ ወረደና እልልታው ሲቀበለው ማን አገባ ብሎ ይመስላል ዙሪያውን አየ። ኦቦ ባቻ ወደፊት ወጡና ትከሻውን ያዙት። «ምረውሃል» አሉት። «ፊታውራሪ በአፋቸው ብለዋል። የትም አትሄድም።»

አባዬ ወደ እማዬ አየ። እማዬ መሬት አየች። ወደ ቀለሟ አየ፤ አንዲት ቃል ናት የቀረችው፣ እሱ ሳቅ ብሎ ኧረ እኔ ፈቃድ ነው የወሰድኩት ቢል ሁሉም ይስቅና ነገሩ ያልቃል። አባዬ አፉን ከፈተ። «ማን ነገራችሁ?» ሊል ነበር መሰል። ኦቦ ባቻ ግን ቀደሙት፣ «ጉሉማን የበላ ደሴት አንተን አይበላህም ብያለሁ» አሉት።

«ወንድምዎ... እዚያ ነው የቀሩት?» አለ አባዬ።

«እዚያ ነው።»

«አንድ ቀን እንኳ ነግረውኝ አያውቁም።»

«ምን ብዬ ልንገርህ» አሉ ኦቦ ባቻ።

አባዬ አፉን ዘጋ። ባርኔጣውን አወለቀ፣ ጎንበስ አለ፣ የሽማግሌውን ትከሻ ሳመ፣ «ገለቶማ» አለ፤ በኦሮምኛ ማመስገኑ ነው። ሲቀና ዓይኑ እርጥብ ነበር። ቀለሟ ብትሞት አይገባትም፤ ስለ ባሕሩ ነው? ስለ ጉሉማ ነው? ወይስ እውነትም ምሕረት ያገኘ ሰው ነው? ከኋላ እማዬ እልል አለች፣ አንድ ጊዜ፣ በቀጭኑ፤ ሁለተኛውን ስትጀምር ድምፅዋ ተሰበረና ሌሎቹ ተቀበሏት።

ድርቤ በሰው መሀል ተገፋፍታ መጥታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ጭኮ ሸትታለች። «ተቆጣሽኝ?» አለቻት። «እኔ ለአባቴ ባልነግረው እኮ አልቆላችሁ ነበር።»

ቀለሟ ልትነክሳት ፈለገች። ጆሮዋን ይዛ ስለ አሸዋው፣ ስለ አረንጓዴው ውሃ፣ ዝም ብሎ ስለ መተኛት ልትጮህባት ፈለገች። አሻግራ ስታይ ኦቦ ባቻ አባዬን አጠገባቸው አስቀምጠው እጁን አልለቅም ብለዋል።

«አልተቆጣሁም» አለች።

«ታዲያ አመስግኚኛ።»

«ገለቶሚ።»

ድርቤ በእፎይታ ተነፈሰችና ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች። «ግን ምን አጥፍቶ ነው?»

ቀለሟ ወደ አባዬ አየች።

«ፈቃድ ጠይቆ» አለቻት።

ድርቤ ከንፈሯን መጠጠች። «ውይ» አለች፣ «ለዚህች?»